በትልቁ ስክሪን ላይ ያስሰቀልኩት ሰዓት

ይህን ነገር ለብዙ ሰው አውርቻለሁ፤ ለልጆቼ፣ ለጡረተኛ ባልንጀሮቼ፣ አንድ ጊዜም ለንስሐ አባቴ። ለእነዚህ ባወራሁት ቁጥር ግን አንዲት ነገር ዘልያለሁ። የዘለልኳት ነገር ትንሽ ናት፤ የአንድ እጅ መነሣትና አለመነሣት ናት። ዛሬ የምጽፈው እርሷን ላለመዝለል ነው።

ወደ ነቀምቴ የመጣሁት ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ፣ የሒሳብ መምህር ሆኜ ነው። ትውልዴ ከሸዋ ነው፤ ነገር ግን ልጆቼ እዚህ ተወልደዋል፣ ባለቤቴም እዚህ ተቀብራለች፤ ስለዚህ አገርህ የት ነው የሚለኝ ሰው ቢኖር መልሱ አያስቸግረኝም። ካስተማርኩበት ትምህርት ቤት ሳልወጣ ዳይሬክተር ሆንኩ፤ ጡረታ እስክወጣም በዚያው ወንበር ተቀመጥኩ። በእነዚያ ዓመታት ሰው ስለ እኔ የሚናገረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ሰዓት አክባሪነቴን። የዘገየ መምህር ከክፍሉ በር ላይ ቆሜ ያገኘኛል። የሰንደቅ ዓላማው መዝሙር ሲጀመር ያልደረሰ ተማሪ ከአጥር ውጭ ይውላል። በዚህ እኮራ ነበር።

ሰዓቱን ለትምህርት ቤቱ የሚያሰሙት ግን እኔ ሳልሆን ዘበኛችን ነበሩ። የአርጆ ሰው ናቸው። ደወላችን ከግቢው ዋንዛ ላይ የተንጠለጠለ የከባድ መኪና ቸርኬ ነበር፤ እርሳቸው በአጭር ብረት ይመቱታል፣ ድምፁም ከገበያው ማዶ ይሰማል። ተማሪዎቹ «የደወሉ አባት» ይሏቸው ነበር። በዕድሜ ከአሥር ዓመት በላይ ይበልጡኛል። ሆኖም እኔ «አንተ» እላቸው ነበር፤ እርሳቸውም «እርስዎ» ይሉኝ ነበር። በዚያን ጊዜ ይህ ነገር እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ የማይለወጥ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን የጠዋቱ ደወል አራት ደቂቃ ዘገየ። በሰልፉ ፊት ጠርቼ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር አቆምኳቸው። ከዚያም ለተማሪዎቹ፣ «አራት ደቂቃ በእናንተ ቁጥር ሲባዛ ስንት ሰዓት ይሆናል? ይህ ሰው ዛሬ ያን ያህል ጊዜ ወስዶብናል። አስሉት!» አልኳቸው። ዘበኛው ያን አጭር ብረት እንደ ያዙ መሬት መሬት ያዩ ነበር። ተማሪዎቹ በጣታቸው ያሰላሉ። ለምን እንደ ዘገዩ አልጠየቅኋቸውም፤ ጥያቄውም አልመጣልኝም።

ጡረታ ከወጣሁ ብዙ ዘመን ቆይቶ፣ የቀድሞ ተማሪዎች በትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ የመገናኛ ቀን ለማዘጋጀት ተነሡ። የመርሐ ግብሩ ሰብሳቢ አደረጉኝ። «ቲቸር ካሉበት ሰዓት አይዛነፍም» አሉ፤ እኔም ደስ አለኝ። ለዝግጅቱ ትልቅ ስክሪን መከራየት እንዳለብን ተወሰነ። የስክሪኑ ባለቤት የነቀምቴ ልጅ የሆነች፣ ሠላሳውን ያለፈች ሴት ናት። ስክሪኗን በአይሱዙ ጭና ለሠርግ፣ ለቤተ ክርስቲያን ጉባኤ፣ ለምረቃ እስከ ቢላና እስከ አርጆ ትዘልቃለች። እኔን በዝና ታውቀኝ ነበር። የመጀመሪያ ቀን ያዘጋጀሁትን አራት ገጽ የትምህርት ቤት ታሪክ ሰጠኋት። ገለጥ ገለጥ አደረገችና ቀና አለች።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ በስክሪኑ ላይ ላወጣው ነው?»

«አንድ አንድ ገጽ እያልሽ።»

«ከኋላ የተቀመጠ ሰው እኮ ጉንዳን ሲሰለፍ ነው የሚያየው።»

«ያልታየው ቀረብ ይበላ!»

ሳቀች። «ሰው ወደ ስክሪን አይሄድም ጋሼ፤ ስክሪኑ ነው ወደ ሰው የሚሄደው።»

ከዚያ ቦታውን ተዟዙራ ለካች። ድንኳኑ ከሚያበቃበት፣ ከመጨረሻው ረድፍ ሄዳ ተቀመጠችና ከዚያ ሆና ወደ መድረኩ አየች። የከሰዓት ፀሐይ ከየት እንደምትመጣ ጠየቀችኝ። በአንድ ጊዜ ከስድስት ቃል በላይ እንደማታወጣ፣ አንድ ጽሑፍ ሰው ሁለት ጊዜ አንብቦት ሳይጨርስ እንደማይጠፋ፣ ሰው በሚናገርበት ጊዜም ስክሪኑ ወይ የተናጋሪውን ፊት ማሳየት ወይ ጸጥ ማለት እንዳለበት አስረዳችኝ። «ዓይን ጆሮን ይቀማል፤ ከኋላው የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ ተናጋሪውን የሚሰማው የለም» አለች። በሙያዋ ሥርዓት እንዳላት አየሁና አከበርኳት። ታሪኩን ቆራርጣ ወደ ጥቂት መስመር ስታወርደውም ተውኩላት። ያልተውኩላት ሰዓቱን ነው።

«ከሦስት ደቂቃ ጀምሮ ወደ ታች የሚቆጥር ሰዓት እፈልጋለሁ» አልኳት።

«እሱ ያለ ነገር ነው። ለተናጋሪው ብቻ ከእግሩ ሥር ትንሽ ስክሪን እናስቀምጣለን። ሕዝቡ አያየውም።»

«በትልቁ ላይ ይሁን። ሕዝቡ ካላየው ተናጋሪው ምን ያሳፍረዋል?»

«እንዲያፍሩ ነው እንዴ የሚፈልጉት?»

«እንዲጨርሱ ነው። ሰው ካላፈረ አይጨርስም።»

«ትልቁ ስክሪን ከመድረኩ በስተኋላ ነው ጋሼ። ተናጋሪው ጀርባውን ሰጥቶት ነው የሚቆመው። ሕዝቡ የሚያየውን እሱ አያየውም። ይሄ ደግ አይደለም።»

«የመጨረሻዎቹ አሥር ሰከንዶች ደግሞ ስክሪኑን ሙሉ ይሙሉት» አልኩ፤ «በቀይ።»

«ሰው ትልቅ ቁጥር ወደ ታች ሲወርድ ካየ አብሮ ይቆጥራል። ሠርግ ላይ ኬክ ሲቆረስ አይቼዋለሁ።»

«ይቁጠር። ሒሳብ ነው።»

በማግሥቱ ደንቡን በጽሑፍ ሰጠኋት። አንደኛ፣ ሰዓቱ የሚጀምረው ተናጋሪው ሲጠራ እንጂ ከማይኩ ሲደርስ አይደለም፤ ይህን ያልኩት ሰው እየተጨባበጠ እንዳይንቀራፈፍ ነው። ሁለተኛ፣ ዜሮ ሲሆን ማይኩ ይዘጋል፣ ሙዚቃ ይገባል። ሦስተኛ፣ ሰዓቱን ለማስቆም ከሰብሳቢው በቀር ማንም አይችልም፤ ሰብሳቢው ሲፈልግ ቀኝ እጁን ያነሣል። አነበበችና፣ «ባያነሡስ?» አለችኝ። «ይሄዳላ» አልኳት። ወረቀቱን በአራት አጥፋ በቦርሳዋ ከተተችው።

ለጸሎት ቄስም፣ መጋቢም ተጋብዘው ነበር፤ ለእነርሱም ሦስት ሦስት ደቂቃ መደብኩ። ከኮሚቴው አንዱ፣ አባቱ መጋቢ የሆነ ቀልደኛ ሰው ነው፣ «ቲቸር፣ ጸሎትም በሰዓት?» አለኝ። «አባታችን ሆይ ከአንድ ደቂቃ አያልፍም፤ ለክቼዋለሁ» አልኩት። ሁሉም ሳቁ። እኔ ግን እውነቴን ነበር፤ ለክቼዋለሁ።

ሦስተኛው የምርቃት ቦታ የሽማግሌ ነበር። ኮሚቴው የቀድሞውን ዘበኛ መረጠ። አሁን ወደ ዘጠና የተጠጉ ናቸው፤ አርጆ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ደወልኩላቸው።

«ዳይሬክተር! አለህ?» አሉኝ። «አንተ» ሲሉኝ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ዕድሜያቸውም፣ ያለፈው ጊዜም የሰጣቸው መብት ነውና ተቀበልኩት። ጉዳዩን ነገርኳቸው። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦

«ያን ሁሉ ዓመት በብረት ብቻ ነው የጠራኋቸው። ዳይሬክተር ይናገራል፣ መምህር ይናገራል፤ ዘበኛ ብረት ይመታል። አንድ ቀን በአፌ ብመርቃቸው እል ነበር። እነሆ ሳልሞት ደረሰልኝ።»

«የተሰጠዎት ሦስት ደቂቃ ነው» አልኳቸው። አፌ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ «እርስዎ» አልኳቸው።

«ሦስት?»

«ሦስት።»

«ይበቃል። አዘጋጃለሁ።»

ቀኑ ደረሰ። ከጊዳ አያና በኩል መንገዱ በዚያ ሰሞን አያስመጣም ነበርና ከዚያ ወገን የጠበቅናቸው ብዙዎች ቀሩ፤ ሆኖም ድንኳኑ ሞላ። የደወሉ አባት በጠዋቱ መኪና ከልጃቸው ጋር መጡ። ኮታቸውን ለብሰዋል፤ በእጃቸው በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ ሰርዶ ይዘዋል። በእኛ አገር ሽማግሌ ሲመርቅ እርጥብ ሣር ይይዛል፤ ሕዝቡም በየቃሉ «ሃ ታኡ» እያለ ይቀበላል፤ ይሁን ማለት ነው። ሰርዶውን ከደጃቸው ቆርጠው ነው ያመጡት፤ በመጨረሻ ከተማሪዎቹ ለአንዱ ሊያስይዙ አስበው ነበር።

ሰዓቱ ግሩም ሠራ። አንድ ሀብታም የቀድሞ ተማሪ ገና የሚያመሰግናቸውን ሰዎች ሲዘረዝር ማይኩ ተዘጋበት፤ ድንኳኑ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ቄሱ ሃያ ሰከንድ አተረፉ። መጋቢው በመጨረሻው ሰከንድ «አሜን» አሉና ሰው ቆሞ አጨበጨበላቸው። እኔ ከፊት ረድፍ እንደ ተቀመጥኩ ጉልበቴ ላይ በዘረጋሁት መርሐ ግብር ላይ ምልክት አደርጋለሁ። ያን ቀን ከብዙ ዓመታት በኋላ ዳይሬክተር ሆኜ ነበር።

ከዚያ ከበላይ የመጣ አንድ ባለሥልጣን ተጠሩ። ስማቸውንም ቢሯቸውንም መጥቀስ አያስፈልግም። ሦስተኛው ደቂቃ ሲጋመስ ገና መግቢያቸውን አልጨረሱም ነበር። የስክሪኗ ባለቤት ከጎን፣ ከላፕቶፗ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ሃያ ሰከንድ ቀረ። አሥራ አምስት ቀረ። ቀኝ እጄን አነሣሁ።

ሰዓቱ ጠፋ። በቦታው የባለሥልጣኑ ፊት በትልቁ መጣ፤ በጠቅላላው አሥራ አንድ ደቂቃ ተናገሩ። ያ ቀልደኛ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ቲቸር፣ ሰዓቱ ተበላሸ እንዴ?» አለኝ።

«አዎ፣ ተበላሽቷል» አልኩት።

ባለሥልጣኑ ሲወርዱ ከመርሐ ግብሩ ስምንት ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርተን ነበር። ቀጥሎ የተጠሩት የደወሉ አባት ናቸው። ሲጠሩ ሰዓቱ በራ፤ ሦስት ደቂቃ። ከሦስተኛው ረድፍ በልጃቸው ክንድ ተደግፈው ተነሡ። ከመድረኩ ደረጃ ሲደርሱ አርባ ሰከንድ ሄዷል። ደረጃው አምስት ሳንቃ ነው፤ በእያንዳንዱ ላይ ሁለቱንም እግራቸውን አሳርፈው ወጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዘራቸውን ከሰርዶው ጋር ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩ። ማይኩ ረዘመባቸውና ሰው መጥቶ ዝቅ አደረገላቸው። መናገር ሲጀምሩ የቀረው ከአንድ ደቂቃ ብዙ አይበልጥም ነበር።

ድምፃቸው እንደዚያ ይሆናል ብዬ አልጠበቅሁም። ቀስ ያለ፣ ግን እንደ ቸርኬው ከድንኳኑ ማዶ የሚደርስ ነበር። በኦሮምኛ ነው የመረቁት፤ ትርጉሙን ልጻፍ። «ከዚህ የወጣ አይጥፋ» አሉ። «ሃ ታኡ» አለ ሕዝቡ። «የጠፋም ይመለስ።» «ሃ ታኡ።» «የተመለሰም በሩን ክፍት ያግኝ።» እዚህ ላይ ከኋላ አንዲት ሴት ስታለቅስ ሰማሁ። ከየቃሉ በኋላ ጸጥ ብለው ይጠብቃሉ፤ መልሱ ሲያልቅ ቀጣዩን ያስከትላሉ።

ሃያ ሰከንድ ሲቀር የስክሪኗ ባለቤት ቀና ብላ አየችኝ። እጄን አላነሣሁም። ምናልባት አላየኝም ይሆናል ብላ ነው መሰለኝ፣ የራሷን ቀኝ እጅ አንሥታ አሳየችኝ፤ እንዲህ ያድርጉ ማለቷ ነው። አይቻታለሁ። እጄ ከመርሐ ግብሩ ወረቀት ላይ ነበረች፤ ብዕሯን እንደ ያዘች አስታውሳታለሁ። ስምንት ደቂቃ ዘግይተናል ብዬ አሰብኩ። ሌላ ያሰብኩት ነገር የለም።

ስክሪኑ በቀይ ቁጥር ተሞላ። የደወሉ አባት ጀርባቸውን ሰጥተውታልና አላዩም። «እናንተ የምትተክሉት ይጽደቅ» ብለው እንደ ልማዳቸው ጸጥ አሉ። ለመልሱ በተዉት ጸጥታ ውስጥ ከወጣቶቹ ወገን «ሸን! አፉር! ሰዲ!» የሚል ድምፅ ገባ፤ አምስት፣ አራት፣ ሦስት። መጀመሪያ ፈገግ አሉ፤ አዲስ ዓይነት መልስ መስሏቸዋል። «ለማ!» ሲባል ፈገግታቸው ቀረ። «ቶኮ!» ሲባል ዞሩ፤ ቀዩ ብርሃን ፊታቸው ላይ በራና እጃቸውን ከዓይናቸው በላይ ጋረዱ። ማይኩ ተዘጋ። ወደ ሕዝቡ ተመልሰው አንድ ቃል ሲናገሩ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ የሰማው የለም። ሙዚቃው ገባ። ሰው ሳቀ፤ በክፋት አልነበረም፤ በሀብታሙም ማይኩ ሲዘጋበት ስቆ ነበርና። እርሳቸው ሰርዶውን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉ፣ በኮታቸው ኪስ ከተቱ፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወረዱ።

ምሳ ላይ ስፈልጋቸው ሄደዋል ተባልኩ። ሲሄዱ እኔ ባለሥልጣኑን እስከ መኪናቸው እየሸኘሁ ነበር።

ስክሪኑን ሲያወርዱ ያቺ ሴት የታጠፈውን ደንቤን መለሰችልኝ። «ይያዙት ጋሼ። እኔ የማከራየው ስክሪን ነው፤ ዓይኔን አላከራይም። አይተውኛል።»

«አይቼሻለሁ» አልኩ። ከዚያ በኋላ ለወራት እውነት የተናገርኩት ያን አንድ ቃል ብቻ ነው።

ለጠየቀኝ ሁሉ ማሽኑ ነው አልኩ። ወጣቶቹ ሥርዓት አጥተው ነው አልኩ። የቁጥሩ ቪዲዮ በየስልኩ ተላልፎ ሰው ሲስቅበት፣ የዘመኑን ልጆች ከሁሉም በላይ የወቀስኩ እኔ ነበርኩ። ለራሴ ግን ቀኝ እጄ ጠላቴ ሆነች። ታክሲ ለማስቆም ሳነሣት፣ በቤተ ክርስቲያን ለማማተብ ሳነሣት፣ ለዚህስ እንዴት ቀለለች እል ነበር። በትምህርት ቤቱ አጥር ሳልፍ ወደ ዋንዛው አላይም ነበር።

ክረምቱ እንደ ወጣ ያቺ ሴት ለሠርግ ወደ አርጆ እንደምትሄድ ሰማሁ፤ እንድትወስደኝ ለመንኳት። «ምን ሊያደርጉ?» አለችኝ። «እንጃ» አልኳት። በአይሱዙው ጋቢና ከጎኗ አስቀመጠችኝ፤ መንገዱን ሁሉ ስለ ዝናብ ብቻ አወራን።

የደወሉን አባት በረንዳቸው ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አገኘናቸው። ሴት ልጃቸው በሩ ላይ ቆማ አወቀችኝ። ወንበር አላመጣችም። ወደ ውስጥ ዞር ሳትል፣ በአማርኛ፣ እኔ እንድሰማው አድርጋ፣ «አባዬ፣ ሰዓቱ መጣ!» አለች።

ሽማግሌው ሳቁ። «ተይው፤ ይቀመጥ። ሰዓትም ይደክመዋል።»

«አከም ቡልተን፣ አባ» አልኳቸው፤ እንዴት አደሩ ማለቴ ነው። በአርባ ዓመት ትውውቅ «አባ» ብያቸው አላውቅም ነበር። አልተቀመጥኩም። ሳላስተካክል፣ ሳላስቀድም ሳላስከትል ተናገርኩት፦ «ማሽኑ አልነበረም አባ። ሰዓቱን ማስቆም የምችለው እኔ ብቻ ነበርኩ። ለባለሥልጣኑ እጄን አነሣሁ፤ ለእርስዎ አላነሣሁም።»

«አውቃለሁ» አሉ። «ልጄ በስልክ አሳይታኛለች። የባለሥልጣኑንም የኔንም። ልጆቹ አልበደሉም፤ ልጅ ከፊቱ ያስቀመጥክለትን ነው የሚቆጥረው።» ከዘራቸውን አዙረው ያዙና ጨመሩ፦ «ግን አንድ ነገር ልንገርህ። ሦስት ደቂቃ አልከኝ፤ ሦስት ደቂቃ አዘጋጀሁ። እዚህ በረንዳ ላይ ስንት ቀን ተለማምጄዋለሁ፤ ይቺ ምስክር ናት። አላለፍኩም።»

አልተከራከርኳቸውም። በልቤ ግን፣ ዘመኔን ሙሉ የዘገየ ሰው ሁሉ እንዲህ ይለኝ ነበር አልኩ። ይቅርታ ልጠይቅ ከቆምኩበት ቦታ ላይ ይህን ማሰቤን አልደብቅም።

ሌላም ነገር ጠየቅኋቸው። «ያን ጊዜ፣ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር ያቆምኩዎት ቀን፣ ለምን ነበር የዘገዩት?»

«ምን አውቅልሃለሁ! የዛሬ ስንት ዓመት? የምትጽፈው አንተ አልነበርክ? ከመዝገብህ ፈልግ።» ልጃቸው ሳቋን መቆጣጠር አቃታት፤ ወንበሩም ያኔ መጣ።

ምርቃቱን እንዲፈጽሙ ለመንኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለአንተ? የልጆቹ ነው እኮ። በከረጢት አይወሰድም። እኔ ደግሞ ጉልበቴ ከዚህ በር አያሳልፈኝም። ሳይዘጋ የቀረ ምርቃት ነው፤ አፌ ውስጥ አለ።»

ከአጠገቤ የቆመችው የስክሪኗ ባለቤት ያኔ ተናገረች። «አባባ፣ እኔ እወስደዋለሁ፤ በካሜራ። ሰኞ ጠዋት በሰልፉ ላይ በትልቁ አወጣዋለሁ።»

«ሰዓቱስ?»

«ሰዓት የለም።»

«የሚመልስልኝስ? ያለ መላሽ ይመረቃል?»

«እኔ እመልሳለሁ» አልኩ ፈጠን ብዬ።

«አይ ጋሼ፤ እርስዎ ዝም ይበሉ» አለችኝ። ወደ እርሳቸው ዞረች። «አባባ፣ ልጆቹ ፊትዎ እንዳሉ አድርገው ይናገሩ፤ የመልሱን ቦታ ባዶ ይተዉላቸው። እነሱ ይሞሉታል።»

ወዲያው ገባቸው። «እንደ ደወሉ ነው። መትቼ እጠብቅ ነበር፤ ከየክፍሉ ሲወጡ እሰማቸዋለሁ።»

ልጃቸው ከደጃፉ ሰርዶ ቆርጣ ሰጠቻቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። ካሜራው ሲጀምር «ከዚህ የወጣ አይጥፋ» አሉና ጸጥ አሉ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ዶሮ ሲጭር ይሰማል፤ እርሳቸው ባዶ ግቢውን እያዩ፣ የሆነ ሰው የሚናገር ይመስል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ይጠብቃሉ። አንደበቴ «ሃ ታኡ» ልትል በየቃሉ ስትነሣ ጥርሴን ነከስኩባት። መመለስ ያልተፈቀደልኝ እኔ ብቻ እንደሆንኩ የገባኝ ያኔ ነው።

የአሁኑ ዳይሬክተር ሳያንገራግር ፈቀደ። ሰኞ ጠዋት ስክሪኑ መድረክ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ፣ ከዋንዛው ጥላ ቆመ። ባለቤቷ ከሰልፉ መጨረሻ ሄዳ፣ ከትንሹ ተማሪ ቁመት ልክ ጎንበስ ብላ አየችውና ትንሽ አዞረችው። ምን ጽሑፍ እንደሚወጣ ጠየቀችኝ። በኦሮምኛ «የደወሉ አባት ይመርቃሉ» እንዲወጣ ነገርኳት። ከአራት ገጽ ወደዚያ ደረስኩ።

የዛሬዎቹ ተማሪዎች አያውቋቸውም። የመጀመሪያው ቃል ሲነገር የመለሱት ጥቂቶች ነበሩ፤ በሁለተኛው ግማሹ ሰልፍ መለሰ፤ ከሦስተኛው በኋላ ግቢው ሁሉ። በባዶው በረንዳ ላይ የተዉት ጸጥታ ለልጆቹ ድምፅ ልክ ሆኖ ተገኘ፤ አንድም ጊዜ አልተደረቡም። «እናንተ የምትተክሉትን ልጆቻችሁ ይብሉት» አሉ። ያን ቀን በድንኳኑ ውስጥ ከንፈራቸው ብቻ ሲንቀሳቀስ ያየሁት ቃል ይህ ነበር። በመጨረሻ ሰርዶውን ወደ ካሜራው ዘረጉ። የስክሪኗ ባለቤት ያንኑ ሰርዶ በእርጥብ ጨርቅ ይዛ መጥታ ነበርና ከፊት ለቆመች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አስያዘቻት።

እኔ ምን እያደረግሁ ነበር? ልማድ ነውና ሲጀምሩ የእጅ ሰዓቴን አይቻለሁ፤ ሲጨርሱም አየሁ። ሁለት ደቂቃ ከሃምሳ ሰከንድ። ከነጸጥታው። አርጆ ላይ በልቤ የተከራከርኳቸው ሽማግሌ አሥር ሰከንድ አትርፈዋል። ያን ቀን ጊዜውን የበሉት እርሳቸው አልነበሩም፤ አምስቱ ሳንቃና «ሲጠራ ይጀምራል» ብሎ የጻፈው ሰው ነበሩ።

ዳይሬክተሩ አንድ ቃል እንድናገር ጋበዘኝ። እግሬ ወስዶ ከሰንደቅ ዓላማው ሥር፣ እርሳቸውን ካቆምኩበት ቦታ አቆመኝ። ሁሉንም በኦሮምኛ ነገርኳቸው፤ የአራቱን ደቂቃ ሒሳብ፣ በትልቁ ስክሪን ላይ ያስሰቀልኩትን ሰዓት፣ የተነሣችውን እጅና ያልተነሣችውን። ስጨርስ ሰርዶውን የያዘችው ልጅ ጠየቀችኝ፦

«ለባለሥልጣኑ አንሥተው፣ ለእሳቸው ለምን አላነሡም?»

«የምፈራው እሱን ስለ ነበር ነው፤ እሳቸውን አልፈራቸውም ነበር» አልኳት።

ልጆቹ የምቀጥል መስሏቸው ጠበቁኝ። ከኋላዬ ያለው ስክሪን ጨለማ ነበር፤ የሚያስቆመኝ ቁጥር አልነበረም። የምጨምረው ግን አልነበረኝም፤ ደወሉ እስኪመታ ድረስ እዚያው ቆምኩ።